ወደ ኋላ የዞረው ቆጣሪ

ታከለ የውኃ አገልግሎት ሠራተኛ ሆኖ ሰማያዊ ቱታ ከመልበሱ በፊት ማራኪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ስሙ የተጠራ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ በሃያ ዓመቱ ሲመጣ ያሰበው የቀን ሥራ ሠርቶ ማደር ብቻ ነበር፤ ቧንቧ መግጠምን የተማረው ሌሎች ሲገጥሙ ጫፉን ይዞ እየቆመ ነው። እጁ ግን ሸጋ ሆነ። እሱ ያሰረው መገጣጠሚያ አያንጠባጥብም፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። ብዙ ነገር የተሰጠው ሰው ነው፤ ትሕትና ግን አልደረሰውም።

በዚያን ጊዜ የማራኪ አከራዮች ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚሆን ክፍል በመደዳ ይሠሩ ነበር። የከተማው ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል፣ ተማሪም ጀሪካን መሸከም ሲመረው ክፍሉን ለቅቆ ይሄዳል። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ታከለ ታዲያ አንድ ብልሃት አመጣ። የጉድጓዱን ቧንቧና የከተማውን ቧንቧ አንድ ላይ ያገናኝና መሐላቸው አንድ መዝጊያ ያስገባል። የከተማው ውኃ ሲጠፋ መዝጊያውን ዘግቶ የጉድጓዱን ፓምፕ ማስነሳት ነው፤ ተከራዩ ቧንቧ በከፈተ ቁጥር ውኃ አለ። አከራዮቹ «የታከለ ሁለት ውኃ» አሉት፤ መርቀው መርቀው አይጠግቡም። በዚህ ዓይነት ዐሥራ አንድ ግቢ ገጠመ።

መዝጊያውን የሚዘጋው ሰው አንድ ቀን ቢረሳስ? ያን ጊዜ ፓምፑ የሚገፋው የጉድጓድ ውኃ ወደ ቤቱ ብቻ አይሄድም፤ በቆጣሪው በኩል ወጥቶ ባዶውን የመንገድ ቧንቧ ይሞላል፣ ከዚያም ቁልቁል ወርዶ ሰው ጓዳ ይገባል። ታከለ ሲገጥም ይህ አልታየውም ነበር። የታየው ከተቀጠረ በኋላ፣ አንድ ሥልጠና ላይ፣ አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ሥዕሉን ሲሥል ነው። የተሣለው የእሱ ሥራ ነበር። ሰዎቹ መዝጋቱን አይረሱም ብሎ ራሱን አጽናና፣ ዝም አለ፣ ዝምታውም ስድስት ዓመት ሞላው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዐሥራ አንድ ምርቃት መመለስ ስለከበደው ነው።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ከማራኪ ቁልቁል ያለው ሰፈር ሆዱን ይታመም ጀመር። ጤና ጣቢያው ሰልፍ ሆነ። ታከለም የዚያው ሰፈር ነዋሪ ነው፤ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ምስጢር በታይፎይድ ዐሥራ ሁለት ቀን ተኛች። ሚስቱ አምሳል ውኃው ሳይሆን አይቀርም ብትለው ተቆጣ። ከቧንቧው የሚመጣው ውኃ የታከመ ነው፣ ጥፋቱ የአንቺ በርሜል ነው አላት። አምሳልም አመነችው፤ የውኃ ነገር ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በርሜሉን በበረኪና ትፈገፍጋለች፤ እጇ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ።

መሥሪያ ቤቱ ግቢ ለግቢ ይፈተሽ ብሎ ትዕግስት የምትባል ወጣት መሐንዲስና ታከለን መደበ። የሚፈተሹትን ቤቶች ዝርዝር ያወጣው ታከለ ነው። እሱ የገጠማቸው ዐሥራ አንዱም ግቢዎች ያሉበትን፣ የወይዘሮ መንበረን መንገድ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው።

መጨረሻም ቢሆን ይደርሳል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የመንበረ በር ላይ ቆሙ። መንበረ ስድስት ክፍል የምታከራይ ባልቴት ናት። ባሏ አያ ውዱ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ታከለን ያሠራው እሱ ነበር፤ ፓምፑን ሊያስነሳ ሲል አስቀድሞ መዝጊያውን በገዛ እጁ የሚዘጋ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ጥንቃቄው ግን አብሮት ተቀበረ። ለመንበረ የነገራት የለም፤ እሷ የምታውቀው ፓምፑን ማብራትና ማጥፋት ነው።

የዚያን ቀን የሰፈሩ ፈረቃ አልነበረም፤ የመንገዱ ቧንቧ ባዶ ነው። ትዕግስት የቆጣሪውን ክዳን ከፈተችና ፓምፑ ይነሳ አለች። ፓምፑ ተነሳ። የቆጣሪው መርፌ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ወደ ኋላ መዞር ጀመረ። ትዕግስት ጎንበስ ብላ አየችው፣ ቀና ብላ ታከለን አየችው። ከቧንቧው በብርጭቆ ቀድታ የመመርመሪያዋን ክኒን ጣል አደረገችበት። የከተማው ውኃ ክሎሪን ስላለው ሮዝ ይሆናል፤ ይኼኛው እንደነበረ ቀረ። ጉድጓዱ ከተከራዮቹ መጸዳጃ ቤት ያለው ርቀት ዐሥር እርምጃ አይሞላም።

ይህን ማን እንደገጠመው ትዕግስት መንበረን ጠየቀቻት። ቅጹ ላይ የሚሞላ ቦታ አለው።

መንበረ ታከለን ገና በር ላይ አውቃዋለች። «አንተ ታከለ» እያለች ስንት ቀን ምሳ አብልታዋለች። አሁን ግን ቱታውን አየችና እንጀራው እንዳይቆረጥ ፈራችለት።

«እኔ ምን አውቄ፣ ሠራተኛ የሚያመጣ ሟቹ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ታከለ ዞራ፣ አይታው እንደማታውቅ ሰው፣ «እርስዎስ ቆመው ቀሩ፣ ምነው አይቀመጡም?» አለችው።

ያ «እርስዎ» ታከለን ከስድብ በላይ ጎዳው። ሴትዮዋ ውኃዋ ሊቆረጥባት፣ ተከራዮቿም ሊሄዱባት እንደሆነ እያየች ለእሱ ትዋሻለች። ልጁ ዐሥራ ሁለት ቀን የተኛችበት አልጋም ዓይኑ ላይ መጣበት።

«እኔ ነኝ የገጠምሁት» አለ። «ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም።»

ትዕግስት ቅጹን ገለጠች። «አያ ታከለ፣ እንዲህ ያለ ስንት ግቢ አለ?»

ማስታወሻ አላስፈለገውም፤ ዐሥራ አንዱንም በየባለቤቱ ስም ጠራ። ይህን መጻፏ እንደማይቀር ስትነግረው፣ ጻፊው አላት። እጁም ባዶ አልቆመም፤ መጋዙን አውጥቶ ሁለቱን ቧንቧ ያገናኘበትን ቦታ ቆረጠ፣ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ተወና ሁለቱንም ጫፍ ደፈነ። የጉድጓዱ ውኃ ለብቻው አንድ ቧንቧ ተወለት፤ ላዩ ላይ «ለእጥበት ብቻ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈበት። መንበረ ስታየው ቆየችና ቀስ ብላ «አንተ ታከለ፣ ሰው ታሞ ይሆን?» አለችው። አዎ አላት። ከታመሙት አንዷ የእሱ ልጅ እንደሆነች ግን አልነገራትም።

ትዕግስት የመንገዱ ቧንቧ እንዲታጠብና ሰፈሩ ውኃ አፍልቶ እንዲጠጣ ለማስነገር ወደ ቢሮ ሮጠች። የቧንቧ ጫፍ መድፈኛ አልቆ ስለነበር የቀሩት ዐሥር ግቢዎች ነገ ይቆረጣሉ ተባለ። ታከለ ወደ ቤቱ ወረደ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

አምሳል ደጅ ላይ በርሜሉን አጋድማ ግማሽ ገላዋን አስገብታ ትፈገፍጋለች። ታከለ ብሩሹን ከእጇ ወሰደው።

«ይህን በርሜል ተይው። በርሜሉ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አላት። ሁሉንም ነገራት፤ ሥልጠናውንም፣ ስድስቱን ዓመትም፣ ዝርዝሩ ላይ የሠራውንም።

አምሳል እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ብትጮህበት ይቀለው ነበር፤ አልጮኸችም። ስንት ግቢ እንደቀረ ጠየቀችው። ዐሥር፣ ነገ ነው የምንቆርጠው አላት።

«ዛሬ ማታስ ፓምፑን አያስነሱም?»

«ያስነሳሉ» አላት።

«መዝጊያ ለመዝጋት መጋዝ ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም።»

«እንግዲያ ምን ትቀመጣለህ? ሂድና ዝጋ። ለምስጢርም ስትመለስ ራስህ ትነግራታለህ፤ እኔ አልነግርልህም።»

ታከለ ቦርሳውን አንስቶ ዳገቱን ተመልሶ ወጣ። ግቢ ለግቢ እየገባ መዝጊያውን ዘጋ፤ ፓምፑ እንዳይነሳና ለምን እንዳይነሳ፣ ማን እንዳጠፋም ተናገረ። አንዳንዱ አዘነለት፣ አንዱ ሰደበው፣ አንዲት ሴትዮ አሁንም መረቀችው። ዐሥረኛውን ዘግቶ ሲወጣ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። የቀረው የራሱ ቤት ብቻ ነበር፤ ለምስጢር መንገር።