ቡሬ ድረስ ለሁለት ባትሪዎች

ቅዳሜ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም የተነሳሁት የሞተ ሰው ባትሪ ፍለጋ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ተሽከርካሪ ወንበሬን ያገኘሁት በእርዳታ ነበር። ያን ቀን አብረውኝ ከተቀበሉት አንዱ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ጋሽ አለኸኝ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ተጨበጨበልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ቻርጀሩን በፌስታል አንጠልጥለን ተበተንን። ባትሪ ባዶውን ከከረመ እንደሚሞት የነገረን አልነበረም። የእኛ ከተማ መብራት ደግሞ ጠፍቶ ሰንብቶ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ባትሪዎቼ ባዷቸውን እየዋሉ ደከሙ፤ ጋራዥ ወስጄ በመኪና ባትሪ መሙያ ባስሞላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። አስተማሪ ነኝ። አሁን ክፍል የምገባው ወንድሜ ሙሉቀን አዝሎኝ ነው። ተማሪዎቼ ያን ሰዓት ደብተራቸውን የሚያዩ ይመስላሉ።

ጋሽ አለኸኝ ማረፋቸውን የነገረኝ ዘመዳቸው ነው። “ወንበሩ እቤት ቁሟል” አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁም።

መንገድ ላይ

ሙሉቀን አንስቶ ሚኒባሱ ጋቢና አስቀመጠኝ። ረዳቱ “ታማሚ ከሆነች ከኋላ ትሁን” አለ። ወንድሜ ሊጣላ ሲል እኔ ቀበቶዬን አሰርሁ። ማንኩሳን አለፍን። ግራና ቀኙ የበቆሎ ክምር ነው፣ በየደጃፉ በርበሬ ተሰጥቷል። ያምራል፤ እኔ ግን ስለ ባትሪው እንጂ ስለሌላ ማሰብ አልቻልሁም።

ቡሬ ደርሰን ሙሉቀን ባጃጅ ሊፈልግ ሲሄድ የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። አንዲት እናት መጥተው ጭኔ ላይ ዳቦ አስቀመጡ።

“እማምላክ ትማርሽ፣ የኔ ልጅ።”

“አስተማሪ ነኝ እኮ፣ እናቴ።”

“ይሁን፤ ብዪው” አሉኝና ሄዱ።

ርቦኝ ነበር፤ በላሁት።

እትዬ የዝና ግቢ

ባጃጁ በኮረኮንቹ ሲያንገላታን ቆይቶ ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ አወረደን። የጋሽ አለኸኝ ባለቤት እትዬ የዝና ወጥተው ተቀበሉን። ወንበሩ ከጣራው ክፈፍ ስር የማዳበሪያ ጆንያ ለብሶ ቆሟል።

“አንድ ቀን እንኳ ቤተ ክርስቲያን አላደረሳቸውም” አሉ። “ክረምት ጭቃው፣ በጋ ድንጋዩ። እዚሁ ተቀምጠው ከብቱ ሲገባ ያዩ ነበር።”

ባትሪዎቹ እቤት ውስጥ ናቸው። ቀበሌው መብራት ስላልገባለት ጣራው ላይ ካለው ሶላር ጋር ተያይዘዋል። አጠገባቸው የጎረቤት ስልኮች ተደርድረው በክፍያ ይሞላሉ። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። እትዬ የዝና ወደ ስልኮቹ ዞረው አዩ።

“እንግዲህ ለእግር የመጣ ለእግር ነው፣ እታለም። እኔ ነኝ በሰው ስልክ ጨውና ዘይት መግዛት የለመድሁ።”

ውሰጂው ማለታቸው ነበር፤ አትውሰጂብኝ ማለታቸውም ነበር። ሁለቱም ገብተውኛል። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማሁ መሰልሁ።

ስልኮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ቴሌቪዥን መጠገን ሥራው የሆነው ሙሉቀን ባትሪዎቹን በመለኪያው ሲያያቸው ደህና ሆኑ። ወንበሩ ውስጥ ገጠማቸውና አስቀመጠኝ። መሪውን ወደፊት ገፋሁት። ሄደ! ግቢው ውስጥ ያለውን የድርቆሽ ክምር ዞርሁ፣ ማንም ሳይነካኝ ወደ ግቢው በር ታጠፍሁ። ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። እትዬ የዝና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ወንበሩ ላይ ሰው ሲያዩ ባላቸው ትዝ ብለዋቸው ነው።

በሩ ጋ ትንሽ ዳገት አለ። እዚያ ላይ ወንበሩ ቀጭ አለና ቆመ። ሙሉቀን እንደገና ለካ።

“ደክመዋል” አለ። “ስልክ ይችላሉ፤ ሰው አይችሉም።”

ዳገቱ ላይ እንደተቀመጥሁ ቆየሁ። “መልስላቸው” አልሁት በመጨረሻ።

ሽቦው ሲመለስ እትዬ የዝና እፎይ ሲሉ ሰማኋቸው። ወዲያው አፈሩና “እኔን!” አሉ። ለአፍታ ጠላኋቸው። ምን አጠፉ? ድንች በፌስታል ሞልተው አመጡልኝ። አልፈልግም ልል ስል ሙሉቀን አመስግኖ ተቀበለ።

ቤት

እኔ ከጉዞው የተማርሁት ይህን ነው፦ እንደ እኔ ወንበር የምትቀበሉ ሰዎች፣ ባትሪውን በተጠቀማችሁበት ቀን ሙሉት፤ ባዶውን አታሳድሩት፤ ለመኪና ጋራዥ አትስጡት። ቀጣዩን ባትሪ ማን እንደሚያመጣ ደግሞ ጭብጨባው ሳያልቅ ጠይቁ። እኔ ያን ጊዜ አብሬ አጨበጭብ ነበር።

ቤት ስንደርስ መብራት መጥቶ ነበር። በልማድ ቻርጀሩን ወንበሬ ላይ ሰካሁት። እራት እንኳ ሳይቀርብ አረንጓዴው መብራት በራ፤ ሞልቷል ማለቱ ነው።

“የሞተ ባትሪ እንዲህ ነው” አለ ሙሉቀን። “መያዝ ስለማይችል ቶሎ የሞላ ይመስላል።”

ገመዱን ነቀልሁና ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ መሆኑን ነገርሁት።