ሰው የሌለበት መርከብ

ሽማግሌው ትንሹን መርከብ መጀመሪያ ደህና አድርገው ይሠሩታል፤ ምሰሶውን ያቆማሉ፣ ትንንሾቹን በሮች ከፍተው ይዘጋሉ። ከዚያ በመዶሻ ሰብረው የዝገት ቀለም ይቀቡታል። በጦርነት የሰጠመ መስሎ የዓሣ ማሳያ ገንዳ ውስጥ የሚቀመጥ ነው።

«አባባ፣ በዚህ መስኮት ሁለት አጽም ብቅ ይበልልኝ፤ ልጆች ይወዱታል» አለ መርከቡን ያዘዘው ባለገንዳ።

«አይሆንም። ከዚህ መርከብ ሁሉም ወጥተዋል።»

«በምን ወጡ? በዋና?» ሳቀ። «ግድ የለም፣ እኔ ከገበያ ገዝቼ እጨምርበታለሁ።»

ሽማግሌው የተሰበረውን መርከብ አንስተው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ያልደረቀው ቀለም ሸሚዛቸው ላይ ታተመ።

ሚስታቸው ከበሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር።

«ስጠው እንጂ» አሉ። «አንድ ልጃችንን መርቀህ ለጦር መርከብ ሰጠህ፤ ውሃ በላው። አሁን በመጫወቻ ትሰስታለህ?»