ተቀምጬ መቀመጥን ያስተማረኝ ዝግባ

የመጀመሪያው ቀን ሞጣ ላይ ነው። በጎ ፈቃደኛ የተፈጥሮ አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን አንድ ማኅበር ከከተማው ወጣ ካለ ደን ዳር ሰበሰበን። አስተባባሪያችን ወይዘሮ ትዕግሥት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ዛፍ አደለችን። ለእኔ ብሳና ደረሰኝ። "እዚህ ሥር ተቀመጡ። እኔ ሳልጠራችሁ እንዳትነሡ። ስትመለሱ ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ" አለች። የዚያ ቀን ሥልጠና ይኼው ነበር።

እኔ ከግብርና መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ስሮጥ ኖሬያለሁ እንጂ ተቀምጬ መቀመጥን ማንም አላስተማረኝም። ብሳናው ሥር ገና ከማረፌ ቀኝ እግሬ ነዳጅ መስጠት ጀመረ። ግራው ፍሪሲዮን ይፈልጋል። ጉንዳን በሱሪዬ ገባ፤ ተነሣሁ። ተቀመጥኩ። ደመና መጣ፣ ሊዘንብ ነው ብዬ ተነሣሁ። አልዘነበም። ተቀመጥኩ። ከዛፉ ማዶ መንገዱ ይታያል፤ ዓይኔ እዚያው ላይ ቀረ።

ተጠርተን ተሰበሰብን። አንዱ ግንደ ቆርቁር አየሁ አለ። አንዷ ልጇን ያቀፈች ጉሬዛ አይታለች። ተራው ደረሰኝ።

"ጋሽ አያሌው፣ እርስዎስ ምን አዩ?"

"ሲኖትራክ" አልኩ። "የኋላ ጎማው ነፋስ ያንሰዋል። ደጀን ሳይደርስ ይፈነዳል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ትዕግሥት ግን አልሳቀችም። "ማየቱንስ ይችላሉ ማለት ነው" አለች። "የቀረዎት ፊትዎን ወደ ዛፉ ማዞር ብቻ ነው።"

ሥራችን ማዕረግ አለው። ሲጀምሩ ሰልጣኝ ነው፣ ቀጥሎ ረዳት፣ ከዚያ የጉዞ መሪ። እኔ ረዳት በተባልኩ ዕለት የድሮ የሙያ ጓደኞቼ መናኸሪያ ላይ ጠብቀው "አያሌው፣ ዕድሜ ልክህን ረዳት ስታመናጭቅ ኖረህ መጨረሻህ ይኼ ሆነ?" ብለው ተሳለቁብኝ። አንዱማ "በር ላይ ተንጠልጥለህ እስኪ ጥራ" አለኝ። ጠራሁለት። "ወፍ! ወፍ! የሞላ!" አልኩ። 

ዕቃችን ብዙ አይደለም። ባይኖኩላር፣ የወፍ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ፣ የዝናብ ልብስ። ሥርዓቱ ነው የሚከብደው። ወደ ጎጆ አይጠጉም። ነጭ ልብስ ለብሰው አይመጡም። በዱላ አይጠቁሙም። ጋቢና ዱላ የተከለከለ የጎጃም ሽማግሌ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። እጄን የማኖርበት ጠፍቶኝ ሰነበትኩ።

ረዳት ከሆንኩ በኋላ ሥራዬ ከሞጣ ቢቸና፣ ከቢቸና ሞጣ መመላለስ ሆነ። ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ የገበሬዎች ስብሰባ፣ ሰው ባለበት ሁሉ እየሄድን ስለ ደኑና ስለ አውሬው እናስተምራለን። አንድ ዕድር ላይ ስለ ጥንብ አንሳ ተናግሬ ስጨርስ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን አወጡ።

"ጋሽ አያሌው፣ ይበላል?"

"አይበላም።"

"ይታለባል?"

"እንዴት ተደርጎ!"

"ታዲያ እርስዎን በዚህ ዕድሜዎ ምን አስሮጠዎት?"

 የምሸሸው ዛፍ ሥር መቀመጥን እንደሆነ በዕድር ፊት እንዴት ይነገራል? ትዕግሥት ታውቀው ነበር። ባገኘችኝ ቁጥር "ጋሼ፣ ዛሬስ ተቀመጡ?" ትለኛለች። አለቃው ትዕግሥት የምትባል፣ ራሱ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሠራተኛ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ቢቸና ላይ ሰሚራ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት ነበረችን። ከደሴ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። እኛ ዘንድ ሠልጥና የተማሪዎቹን የተፈጥሮ ክበብ ትመራለች። ከተማው አልለመዳት ብሎ ዝውውር ጠይቃ ነበር። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የአንድ ደብር ደን ትሄዳለች። የደብሩን ስም አልጽፍም፣ ቄሰ ገበዙ ይቀየሙኛል። እሷ ሙስሊም ስለሆነች ከቅጥሩ ውጭ ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሆና ነው ደኑን የምታየው። ማንም አላዘዛትም፤ ሥርዓቱን ያወጣችው ራሷ ናት። እኔ ብሳና ሥር ያልቻልኩትን እሷ ድንጋይ ላይ ትችለዋለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ስልክ ደወለች። እኔ ሞጣ መናኸሪያ ቆሜ የቢቸና መኪና እስኪሞላ እጠብቃለሁ። መጠበቅ ካላችሁት ነው፤ ጎማ እየረገጥኩ እዞራለሁ።

"ጋሼ! ጎጆ አገኘሁ! የእርኩም ጎጆ!"

እርኩም ያ ትልቁ ጥቁር ወፍ ነው፤ ከመብረር ይልቅ በእግሩ መሄድ የሚወድ። ምንቃሩ ላይ ቆብ የደፋ ይመስላል። ጎህ ሲቀድ ከሆዱ የሚወጣ የጎረነነ ድምፅ ያሰማል፤ ለማያውቀው ሰው የሚያቃስት በሽተኛ ነው። የሚፈለፍለው ባረጀ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ዛፍ ደግሞ እየጠፋ ነው። ሰሚራ ያገኘችው ቅጥር ግቢው ውስጥ ደርቆ በቆመ ዝግባ ላይ ነው። እናቲቱ ጉድጓዱ ውስጥ ናት፣ አባትየው ይመግባታል።

"ጋሼ፣ ያንን ዝግባ ለበዓሉ ማገዶ ሊቆርጡት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ቄሰ ገበዙን ያውቋቸው የለ? ይንገሩልኝ። ጫጩቱ ሲወጣ ላሳያችሁ ብዬ ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ።" ቀጥላም፣ "ዝውውሩንም ትቼዋለሁ ልል ነበር" አለች።

ቄሰ ገበዙ አባ ውቤ የደብሩን ንብረትና ግቢ የሚጠብቁ ካህን ናቸው፤ በልጅነታችን ዳዊት አብረን ደግመናል። መኪናው እስኪሞላ፣ ከሞጣ ቢቸና እስክደርስ መቆየት የት አባቴ ተምሬ! እዚያው ቆሜ ደወልኩ። አጠገቤ አንድ ሞተር ይጮኻል።

"አባ! አያሌው ነኝ! ያ የደረቀው ዝግባችሁ!"

"እህ፣ ምን ሆነ?"

"ውስጡ እርኩም አለበት!"

 ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ምን አለበት?"

"እርኩም! ጎህ ሲቀድ ሲያጉረመርም አልሰማችሁም?"

"ሰምተናል። ዲያቆናቱ ሁሉ ሰምተው ደንግጠዋል።"

"እሱ ነው! ሚስቱም ውስጥ ናት። ሳትወልድ አትቀርም።"

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!"

ደስ ብሏቸው መሰለኝ። "ደስ አይልም?" አልኩ።

"አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ! ከገባ ስንት ጊዜው ነው?"

"ዘንድሮ ነው የገቡት። እስካሁን ማንንም አልነኩም፣ አትፍሩ። እኔ እስክመጣ ድረስ ግን..."

ረዳቱ ጆሮዬ ሥር "ቢቸና! ቢቸና! አንድ ሰው የቀረው!" ብሎ ጮኸ። ኔትወርኩም ተቋረጠ። ዘልዬ ገባሁ። ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር እኔም አብሬው እቀይር ነበር። በመጨረሻ "አባባ፣ ወይ እርስዎ ይንዱት ወይ እግርዎን ይሰብስቡልኝ" አለኝ።

ቢቸና ስደርስ ሰሚራ መናኸሪያው በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ገርጥቷል።

"ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የነገሯቸው?"

"እርኩም አለ አልኳቸው!"

"እርኩስ አለ ነው የሰሙት! ከነሚስቱ ሰፍሮበታል ተብሎ ዝግባውን ሊጥሉት መጥረቢያ ይዘው ወጥተዋል!"

በባጃጅ በረርን። ሰሚራ ድንጋይዋ ጋ ወረደች፣ እኔ በቅጥሩ በር ገባሁ። ሰው ዝግባውን ከሩቅ ከቧል። አባ ውቤ መስቀልና ጸበል ይዘዋል። ጎልማሶች መጥረቢያ ትከሻቸው ላይ አድርገው አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም ይባባላሉ። የመጀመሪያዋን ምት የሚፈልጋት ባይጠፋ ኖሮ እኔ ሳልደርስ ዛፉ ወድቆ ነበር።

"ና እስኪ" አሉኝ አባ ውቤ፣ "የላክኸውን ጉድ እይ!"

"አባ፣ ወፍ ነው እኮ!"

"በስልክ እርኩስ፣ በአካል ወፍ?"

"እርኩም ነው ያልኩት!"

"እርኩስ ነው ያልከው። ሚስት አለው አልክ፣ ወልዳለች አልክ፣ ማንንም አልነኩም አልክ። ወፍ ሰው ይነካል እንዴ? ደግሞ ደስ አይልም ብለህ ጠየቅኸኝ!"

ሳቅ ተነሣ። ሳቁ ግን መጥረቢያውን አላስወረደም። የደብሩ የቅኔ መምህር የኔታ ከኋላ ሆነው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆይተው ነበር።

"ነገሩ አንዲት ፊደል ናት" አሉ። "'ም' ከሆነች ዛፉ ይቆማል፤ 'ስ' ከሆነች ይወድቃል። ያሳየንና እንወቃት።"

"ጥሩ" አሉ አባ ውቤ። "ያ ደመና ሳይደርስብን አሳየን። ካላሳየኸን ይቆረጣል።"

እንዴት ላሳይ? እናቲቱ ከጉድጓዱ አትወጣም። አባትየው ደግሞ ሰው ከቆመ አይመጣም። ሰዉን ሁሉ ከዛፉ አርቄ ወይራ ሥር አስቀመጥኩ። ነጭ ጋቢ የለበሰውን እንዲያወልቅና እንዲቀመጥበት አደረግሁ። የቄስ ጥምጥም አውልቁ የሚል መመሪያ ግን የለንም፤ አባ ውቤን ከአጠገቤ ቁጥቋጦ ጀርባ ሸሸግኋቸው። "ማንም እንዳይናገር። ማንም እንዳይነሣ" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ተቀመጥን። ደመናው ከጮቄ ተራራ በኩል ይወርዳል። ቀኝ እግሬ ነዳጅ መስጠት ጀመረ። አንዱ ጎልማሳ የመጥረቢያውን ስለት በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ከቅጥሩ ማዶ ሰሚራ ድንጋይዋ ላይ ናት፤ እንደ ድንጋዩ አትንቀሳቀስም። ነፋስ መጣ። አልቻልኩም።

"እስኪ ትንሽ ልነሣና ልይ" አልኩ በሹክሹክታ።

አባ ውቤ ጉልበቴን ጨምድደው ያዙኝ። "ተቀመጥ! አትነሡ ያልከን አንተ አይደለህ?"

"እግሬ እኮ ነው፣ አባ።"

"እግርህን እኔ ይዤዋለሁ። አንተ አፍህን ያዝ። ዛሬ የፈጀን እሱ ነው።"

እጃቸው ጉልበቴ ላይ እንዳለ ቆየን። የመጀመሪያው የዝናብ ነጠብጣብ ግንባሬ ላይ አረፈ። ጎልማሳው መጥረቢያውን ይዞ ወደ አባ ውቤ ዞረ። አባ ውቤም ከጉልበቴ ላይ እጃቸውን ሊያነሡ ነበር። ያን ጊዜ ሰሚራ ክንዷን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አነሣች። ምልክታችን ናት። መጣ ማለት ነው።

ከሣሩ መሐል ወጣ። ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ይመስል ዝግ ብሎ ይራመዳል። አንገቱ ሥር ያለው ቀይ ቆዳ ይታያል። ከምንቃሩ እባብ ተንጠልጥሏል። ቆመ፤ ወደ እኛ አየ። ማንም ንቅንቅ አላለም። እኔም፣ እመኑኝ፣ አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ ክንፉን ዘረጋ፤ ውስጡ ነጭ ነው። ዝግባው ላይ ወጣ። ከጉድጓዱ ሌላ ጥቁር ምንቃር ብቅ ብሎ እባቡን ተቀብሎት ገባ። ወዲያው ከውስጥ ቀጭን ጩኸት ተሰማ።

"እባብ እኮ ይበላል!" አለ ባለ መጥረቢያው።

አባ ውቤ አማተቡ። ሁላችንም ወደ የኔታ ዞርን።

"ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም" አሉ የኔታ። "እርኩሱም ገብቷል። እርኩሙ በልቶታል።"

አባ ውቤ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ዝናቡ መጣ፣ መጥረቢያዎቹ ወደ ቤት ሄዱ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ "ያንን ዝግባ ማንም እንዳይነካው፣ ውስጡ እርኩምምም አለ" ብለው አስታወቁ። 'ም'ዋን እስኪጠግቧት አስረዘሟት ይባላል። ለማገዶ ከባሕር ዛፉ ተቆረጠ።

ክረምቱ ሲገፋ ጫጩቱ ወጣ። የሰሚራ ተማሪዎች በተራ ባይኖኩላር እየተቀባበሉ ከድንጋዩ ላይ አዩት። ሰሚራ ዛሬም ቢቸና ናት፤ የጉዞ መሪ ሆናለች። እኔ አሁንም ረዳት ነኝ። ትዕግሥት ባገኘችኝ ቁጥር ተቀመጡ ወይ ትላለች፤ ጉልበቴን የሚይዝልኝ ቄስ ካገኘሁ እቀመጣለሁ እላታለሁ።

ለአዲሶቹ ሰልጣኞች የምነግራቸው ይህን ነው። የአውሬን ስም በስልክ አትናገሩ። ሂዱ፣ ከዛፉ ባለቤት ጎን ተቀመጡ፣ ስሙን ስትጠሩ እንስሳው ከፊታችሁ ይሁን። መሄድ ካልቻላችሁ፣ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ሰውየው የሰማውን መልሶ ይንገራችሁ።