ከአስር ስንት ያምዎታል

ሁለት ሺህ አስር ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ለእህቴ ተዝካር ከልጄ ጋር ከላምበረት ተሳፍረን ወደ ተወለድኩበት አገር ወጣን። አውቶቡስ የማይደርስበትን መንገድ በበቅሎ ስሄድ የመንገድ ሥራ ገልባጭ መኪና ከኋላዬ ጡሩምባውን ለቀቀው። በቅሎዋ ደነበረች፤ እኔ ድንጋይ ላይ አረፍኩ። ጭኔ ተሰበረ። ቀና ብዬ ሳይ የግራ እግሬ አውራ ጣት ወደማልሄድበት አገር ዞሯል።

ጥፋቱ የመኪናቸው ስለሆነ መንገድ ሠሪዎቹ ሄሊኮፕተር አስመጡ። መኪና ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

ከሄሊኮፕተሩ አንዲት ወጣት ሐኪም ወረደችና አጠገቤ ተንበርክካ ከአስር ስንት ያምዎታል አለችኝ። እኛ ዘንድ ሰው እንዴት ነህ ሲባል፣ እየሞተም ቢሆን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። ሕመም በቁጥር ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ለወግ ያህል ሁለት አልኳት። እሱንም ያበዛሁት መስሎኝ ነበር።

ልጄ ከራስጌዬ ሆና፣ "የእሱን ሁለት በአራት አባዢው" አለቻት።

ሐኪሟ መርፌ አወጣች። እግሩ ሳይቃና አይጫኑም፣ ማስታገሻ ሳይወስዱ ደግሞ አይቃናም አለች። መድኃኒቱ ሕመሙን እንደሚያርቅ፣ ትንሽ እንደሚያንሳፍፍ፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ እንደሚያስለፈልፍ ነገረችኝ። ማስለፍለፍ ስትል ክንዴን ሰበሰብኩ።

ምክንያት ነበረኝ። ልጄ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሽማግሌ ልኮባት ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። የመጀመሪያው ወግ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመልስ የሚሰጥ አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል። በሁለተኛው፣ ከሽማግሌዎቹ ያንዱ ስልክ ጮኸና አነሳው። በሦስተኛው የምነቅፈው አጣሁ፤ ግን መመለስ ለምጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። ጉርድ ሾላ በዝናብ የእድራችንን ድንኳን ስንተክል፣ ያ ሰው ማንም ሳይጠራው፣ ለማያውቀው ሰው ለቅሶ፣ የድንኳን ብረት ተሸክሞ ሲሯሯጥ አየሁት። ወደድኩት። ለማን ልናገር? ሦስት ጊዜ እምቢ ያለ አፍ በየት በኩል ይመለሳል? ሽማግሌዎቹም አኩርፈው ቀሩ። እንግዲህ ይህን በሆዴ ይዤ ነው ለፍልፍ የሚሉኝ።

የምሄደው ከነአእምሮዬ ነው አልኳት ሐኪሟን። እሺ፣ ለጊዜው የእግርዎን ደም ሥር ብቻ ልይ ብላ ነካ ስታደርገኝ "ዘጠኝ" አልኩ። አስሩን ለሞት አስቀምጬ ነው።

ወጋችኝ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ማዶ ተሻግሮ የሌላ ሰው ሆነ። ያ ሰውዬ ክፉኛ ሳያመው አይቀርም ብዬ አዘንኩለት። እግሬን ሲያቃኑትም የሱን እግር እንጂ የኔን አልመሰለኝም። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝና ተነሳን። ደመናው ብረቱ የጠፋበት የእድር ድንኳን መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ቦሌ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ስነቃ ነው።

የልጄ ዓይን ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ይስቃል።

"አባዬ፣ ሰጠኸኝ እኮ።"

"ለማን?"

"ለማን ይሆናል?"

ለካ ሰማይ ላይ ሆኜ የድንኳኑን ብረት ነገር አንስቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው መለስኩ ብዬ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ሁለቱንም በስማቸው ጠርቼ መርቄያለሁ። ሐኪሟ በማዳመጫው አሜን ብላለች። አብራሪው ፈረንጅ ነው፣ አማርኛ አያውቅም፤ እሱም አሜን ብሏል።

"የሰጠሁት እኔ አይደለሁም፣ መርፌው ነው" አልኳት። "ድግሱንም መርፌው ይደግስላችሁ።"

ሳቋ ጠፋ። ይሁን አባዬ ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሦስቱን ጊዜ ስመልስባት አንድም ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ አታውቅም። ማታ ነርሷ መጥታ ከአስር ስንት ስትለኝ የትኛውን ሕመም እንደምትጠይቀኝ ግራ ገባኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ወግታኝ ሄደች።

በነጋታው ጠዋት ነርሷ መርፌዋን ይዛ ገብታ ከአስር ስንት ስትለኝ ስምንት አልኩና ክንዴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቅኩ። ልጄን ደውይላቸው፣ ሽማግሌዎቹ አሁኑኑ ይምጡ አልኳት። ልጄ ስልኳን ለማውጣት ቦርሳዋን ሙሉ አልጋዬ ላይ ገለበጠችው።

ነርሷ ይህ ሁሉ ሥቃይ ምን ይረባዎታል ብላ ለመነችኝ። የማታው መርፌ ለቆኛል፣ ሌላ ሳይገባብኝ ነው መናገር ያለብኝ አልኳት። ነገ ደግሞ የሰጠው መርፌው ነው የሚል ይመጣል።

"ማን ነው እንዲህ የሚለው?"

"እኔ ነኛ።"

ከሃያ ሁለት እስኪደርሱ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ሦስቱም ገቡ። ወንበሩ አንድ ነው፤ ተቀመጡ ሳልል ማንም ወደሱ አልዞረም። ያ ስልክ አንሺው ገና ከበሩ ስልኩን አጥፍቶ አሳየኝ። ነርሷን ስምንት ብለሽ ጽፈሻል ወይ አልኳት። ጽፋለች።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አልኩ። "በገዛ አፌ፣ በስምንት።"

አሜን ብለው እስኪጨርሱ ጠበቅኩና ክንዴን አውጥቼ ለነርሷ ዘረጋሁላት።