ኮት የለበሰው ከርከሮ ሆሳዕና ደርሶ መልስ

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፤ አዲስ አበባ

ኅዳር ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋቢዬን ተከናንቤ በማተሚያ ቤታችን ደጃፍ ከአንዲት በቅሎ ጋር ተፋጥጬ ቆሜአለሁ። በቅሎዋ አየችኝና በረዥሙ ተነፈሰች። እኔም አየኋትና ተነፈስኩ። ገና ከመነሻው ተግባብተናል።

አንባቢዬ፣ የጉዞው ምክንያት ይህ ነው። በሆሳዕና ከተማ የሚያስተምሩት መምህር ዶባሞ የሐዲያንና የከምባታን ተረቶች ሰብስበው በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ጽፈዋል። እኔ አራሚ ነኝና ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። አራሚ "ጥሩ ነው" የሚለው ጥርሱን ሲነቅሉት ያህል አሞት መሆኑን እወቁልኝ። ችግሩ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። የማተሚያ ቤታችን ጌታ ነጋድራስ ከጅቡቲ በርካሽ ያስመጡት አንድ ሣጥን አለ። በውስጡ ፈረንጆች ለልጆቻቸው መጽሐፍ የሠሯቸው የሥዕል ማኅተሞች ታጭቀዋል። ማኅተሙን ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ሲጫኑት ሥዕል ይወጣል። በረዶ ላይ የሚንሸራተት ልጅ አለ፤ ጃንጥላ የያዘች እመቤት አለች፤ ሻማ የተሰካበት ዛፍ አለ፤ ኮት የለበሰ አንድ እንስሳም አለ።

ነጋድራስ ትናንት ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ "ታደሰ፣ ሣጥኑን ይዘህ ሂድ። መምህሩ ለየተረቱ የሚሆን ሥዕል ከውስጡ ይምረጥ። ካልመረጠ መጽሐፍ የለም።"

"ነጋድራስ፣ ተረቶቹ እኮ ስለ ጅብ፣ ስለ እንሰት፣ ስለ አንጋጫ ገበያ ናቸው።"

"ልጅ ምን ያውቃል? ሥዕል ሥዕል ነው!"

እንዲህ ያለ ጥበብ ከሰሙ በኋላ እጅ ነሥቶ መውጣት ነው።

ረቡዕ፤ ከአዋሽ ማዶ

ይህን ነገር "መንገድ" ብሎ የሰየመው ሰው ወይ ተጫዋች ነው፣ ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ትናንት ቁልቁለት፣ ዛሬ ዳገት፣ በመካከሉ ድንጋይ። ወገቤ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመ ቆይቷል። ትናንት ያሳደሩን ጎተራ ውስጥ ነው። ባለቤቶቹ ከእኔ አንድ ተሙን ገንዘብ ተቀበሉ፤ ስለ በቅሎዋም አንድ ተሙን ተቀበሉ። ልዩነታችን ለእርሷ ገለባ መጨመሩ ነው።

የጭነቱ ነጂ ሽኩር የስልጤ ሰው ነው። ቀልድ ያውቃል፤ ነገር ግን ሰላቱን በሰዓቱ የሚሰግድ ጠንቃቃ ሰው ነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ አንድ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ተንሸራተተና ሣጥኑ ተከፈተ። ማኅተሞቹ በየድንጋዩ ሥር ተበተኑ። ሽኩር እያጎነበሰ ሲለቅም አንዱን አነሣና ወደ ፀሐይ አዞረው።

"ጌታው፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ውሻ ነው" አልኩ።

"ውሻ አፍንጫው እንዲህ ነው?"

"የፈረንጅ ውሻ ነዋ።"

"ኮትስ ለምን ለበሰ?"

"አገራቸው ብርድ ነው።"

ሽኩር ጠጋ አድርጎ አየው። ከዚያ እሳት እንደ ጨበጠ ሰው ወረወረው። "አስተግፊሩላህ! ይህ ከርከሮ ነው! ከአዲስ አበባ ጀምሮ ከርከሮ በበቅሎዬ አሸክመውኛል?"

ብለምነውም፣ ብምልለትም አሻፈረኝ አለ። ሣጥኑን ጫነ፤ ከርከሮውን ግን ንክችም አላደርግ አለ። ስለዚህ ኮት የለበሰው ከርከሮ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ኮት ኪስ ውስጥ እየተጓዘ ነው። እኔም የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ መብላቱ እንጂ መሸከሙ አልተከለከለም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ቅዳሜ፤ ሆሳዕና

ደረስን። ቀይ አፈር፣ ለምለም እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል ብቅ ያሉ ክብ ጎጆዎች፣ በላዩ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ። የመንገዱን ነገር ባላውቅ ኖሮ ገነት ነው እል ነበር።

መምህር ዶባሞ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች የአንጋጫ ልጅ ናቸው። ቤት ስገባ አተካና አቀረቡልኝ። ለማያውቅ አንባቢ፦ ከእንሰት የሚገኘው ቡላ በወተት፣ በቅቤና በአይብ ሲሠራ አተካና ይባላል። አዲስ አበቤዎች ሆይ፣ ለእናንተ አዝናለሁ።

"ይብሉ እንጂ አቶ ታደሰ! መንገዱ ያስርባል" አሉኝ ወይዘሮ አበበች።

"እየበላሁ ነው እትዬ።"

"ይህ መብላት ነው? በሞቴ ይጨምሩ!"

ስጠግብ ሣጥኑን ከፈትኩ። እንዲህ እንዲህ አድርጌ መደልደል ጀመርኩ፦ "ቅቤ ሊሸጥ አንጋጫ ገበያ የወረደው ጅብ የሚለው ተረት አለ አይደል? ለጅቡ ይህ ኮት ያለው ይሁን። ለእንሰቱ ይህ ሻማ ያለበት ዛፍ። ለገበያዋ ሴት ባለጃንጥላዋ።" ስናገር ጆሮዬን ራሱ ቀፈፈው፤ ነገር ግን ትእዛዝ ነው።

መምህሩ አልተቆጡም። "ይከተሉኝ" ብለው ወደ ማስተማሪያው ዳስ ወሰዱኝ። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። የራሳቸው የመምህሩ ልጅ ኤርጎጌ ከፊት ተቀምጣለች፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም። መምህሩ ከሣጥኑ አንድ ሥዕል መርጠው አሳትመውኝ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙ። ጸጉሩ እንደ ገለባ የሆነ ልጅ፣ አንድ እግሩን ገበታ ላይ ሰቅሎ፣ በግራ እጁ ዳቦ ይገምጣል።

"ይህ ማን ነው?"

"የመጽሐፍ ሰው!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

"በምን እጁ ነው የሚበላው?"

"በግራው!"

"እግሩስ?"

"ገበታ ላይ!"

"ነውር አይደለም?"

ልጆቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ኤርጎጌ ለአባቷ ያዘነች ትመስላለች። "የመጽሐፍ ሰው ነዋ!" አለች።

ከዳሱ ስንወጣ መምህሩ እንዲህ አሉኝ፦ "ሰሙ? እነዚህ ልጆች መጽሐፍ ውስጥ የሚኖረው ሰውና ሆሳዕና የሚኖረው ሰው ለየብቻ የተፈጠሩ ይመስላቸዋል። እኔ የጻፍኩት ይህን አጥር ለማፍረስ ነው። እርስዎ ደግሞ ከነሥዕሉ መልሰው ሊያጥሩብኝ መጡ። በዚህ ሥዕል ከሚወጣ ይቅር፤ ጽሑፌን ይመልሱልኝ።"

"መምህር፣ ስንት ዓመት የደከሙበትን!"

"እንግዲህ ምን ይደረግ? ይቅር።"

ጽሑፉን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። እኔም አፈርኩ። የተላክሁት ሥዕል ላስመርጥ እንጂ የሰው ድካም ልቀብር አልነበረም።

ነገሩን ያተረፉት ወይዘሮ አበበች ናቸው። ከጓዳ ሆነው "ወንድሜስ ምን ሊሠራ ነው አንጋጫ የተቀመጠው?" አሉ። ወንድማቸው አቶ ሎላሞ እንጨት ፈልፋይ ነው፤ በርጩማና የወተት ዕቃ ይሠራል። እኔ በልቤ ሳቅሁ። የወተት ዕቃ ፈልፋይ የመጽሐፍ ሥዕል ሊሠራ! ነገር ግን የሰው አተካና በልቶ እምቢ ማለት አይቻልም።

ማክሰኞ፤ አንጋጫ

የከምባታ ምድር ነው። አምባሪቾ ተራራ ደመና ተጠምጥሞበት ከሩቅ ይታያል። በገበያው የዱራሜ ቅቤ ነጋዴዎች ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ተረቱ ውስጥ ያለው ጅብ እዚህ ቢመጣ አልፈርድበትም፤ ሽታው እኔንም ፈትኖኛል።

እሑድ እንደ ደረስን አቶ ሎላሞ ከማኅተሞቹ አንዱን ተቀብሎ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። "ይኼ ነው ያስቸገራችሁ?" አለ። መምህሩ ለመጀመሪያው ገጽ የሚሆን፣ ቤተሰብ ገበታ ላይ ቀርቦ ሲበላ የሚያሳይ ሥዕል እንደሚፈልጉ ነገሩት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የወይራ እንጨት ይፈለፍል ነበር፤ ዛሬ ጨርሶ አመጣው። ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁትን ቀለም ቀብቼ በወረቀት ላይ ተጫንኩት።

አንባቢዬ፣ ሳቄን ዋጥኩት። ሥዕሉ ላይ እትዬ አበበች ቁጭ ብለዋል፤ ጉንጫቸው፣ የራስ ጨርቃቸው፣ "ይብሉ እንጂ" የሚሉበት አንገታቸው ሳይቀር እርሳቸው ናቸው። ፊት ለፊታቸው ኤርጎጌና ታናናሾቿ ከእንሰት ቅጠል ላይ ቆጮ በጎመን ይጎርሳሉ። መምህር ዶባሞ ወረቀቱን ይዘው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ገበያተኛው ከበበን። አንዷ ቅቤ ሻጭ "ይቺ ጎረቤቴ አይደለችም እንዴ!" እያለች ጮኸች። ሽኩር እንኳ አጎንብሶ አየና "ማሻአላህ! ይህን በቅሎዬ ትሸከማለች" አለ።

ሁላችንም ፊቱን አየን። እጁን ያየ የለም።

ሐሙስና ዓርብ፤ እንደገና ሆሳዕና

አቶ ሎላሞ "የእህቴ ልጅ ስታየው ልይ" ብሎ አብሮን መጣ። ዳሱ ውስጥ ወረቀቱን ለኤርጎጌ ሰጠናትና ሁላችንም እንደ ሠርገኛ ተኮልኩለን ጠበቅን።

አየች። ዓይኗ በራ። ከዚያ ግንባሯ ተኮሳተረ፤ ከዚያ ብድግ አለች።

"እናቴ በግራዋ አትበላም!"

ወረቀቱን ነጠቅኳት። እውነትም እትዬ አበበች በግራቸው ይበላሉ። ልጆቹም በግራቸው። ቤተሰቡ በሙሉ ግራውን ዘርግቶ ገበታውን ከቧል! በዚህ አገር እንዲህ የሚበላ ቤተሰብ ደጃፍ ጎረቤት አይረግጥም። ሎላሞ ምን ያድርግ? እጆቹን በቀኝ አድርጎ ፈልፍሏል። እንጨት ላይ ቀኝ የሆነ ወረቀት ላይ ግራ ይሆናል። የማተሚያ ቤት ሰው ፊደልን ገልብጦ ሲያነብ ነው የሚያረጀው፤ እኔ ይህን ለሎላሞ መንገር ረሳሁ።

ልጆቹም እየተንጫጩ ተነሡ። "ነውር ነው!" "እትዬ አበበች እንዲህ አይደሉም!" "ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?" ኤርጎጌማ ልትመታኝ ምንም አልቀራት። "እናቴን አሰደብካት!" አለችኝ፤ አንተ ብላኝ! አባቷ "ኧረ ነውር ነው፣ እንግዳ ነው!" ቢሏትም አልሰማችም፤ አለቀሰች።

እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ሳቅ አመለጠኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ያ ጸጉረ ገለባ በግራው ሲገምጥ፣ እግሩን ገበታ ላይ ሰቅሎ ሳለ፣ አንድም ልጅ አልተናደደበትም። የመጽሐፍ ሰው ነዋ! ለመጽሐፍ ሰው ማን ይቀየማል? ዛሬ ግን መጽሐፍ ውስጥ ያለችው እናት ናት፤ ስለ እናት ደግሞ ይጣላሉ።

መምህር ዶባሞም ገብቷቸዋል። ልጃቸውን አቅፈው "እልል በሉ!" አሉ። ሎላሞ ግን ምንም አልገባውም፤ ስድቡን ብቻ ሰምቶ ጥርሱን ነክሶ ሌላ ወይራ ፍለጋ ወጣ። እኔም የረሳሁትን ነገርኩት፤ በበነጋው ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ተፈለፈለ። ኤርጎጌ አዲሱን ወረቀት ተቀብላ መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። ከዚያ "አሁን እናቴ ናት" ብላ ፈረደች።

ከሳምንት በኋላ፤ አዲስ አበባ

የመልሱን መንገድ አልተርክም፤ ወገቤ እንዳይሰማ። አቧራዬን ሳላራግፍ ነጋድራስ ዘንድ ገባሁ። ሣጥኑን እንዳለ መለስኩ፤ ከርከሮውንም ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

"የትኞቹን መረጠ?"

"አንዱንም።"

"እንግዲያው መጽሐፍ የለም አላልኩህም?"

የወይራውን ማኅተም ቀለም ቀብቼ አትሜ ሰጠኋቸው። ነጋድራስ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት፤ ፊታቸው አልተፈታም። "ይህን ማን ይገዛዋል?" አሉና ወረቀቱን ከርከሮው ሥር አስቀመጡት፤ ነፋስ እንዳይወስደው ይሁን ሊቀብሩት እንጃ። የመምህር ዶባሞ የተዘረጋ እጅ ታየኝ።

የነጋድራስ ትንሿ ልጅ የሺ እዚያው ቢሮ ወለል ላይ ትጫወት ነበር። የሣጥኑን ሥዕሎች ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትጫወትባቸው አድጋለች፤ ስለ አንዱም አንድ ነገር ጠይቃ አታውቅም። ወረቀቱን ከከርከሮው ሥር መዝዛ አወጣችና ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

"አባባ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?"

ነጋድራስ አያውቁትም። ወደ እኔ ተመለከቱ።

"ቆጮ ይባላል የሺዬ" አልኳት። "ከእንሰት ይሠራል።"

"ይጣፍጣል?"

"እጅ ያስቆረጥማል።"

"ይቺ ልጅ ስሟ ማን ነው?"

"ኤርጎጌ።"

የሺ ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ አፏ ውስጥ አመላለሰችው። ከዚያ ቀና ብላ "ቤቷ ሩቅ ነው?" አለችኝ።

ድንጋዩ፣ ዳገቱ፣ ጎተራው፣ ወገቤ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ትዝ አሉኝ። ልጅቷ ግን ጫማዋን እየፈለገች ነው።

"ኧረ ቅርብ ነው" አልኳት።

ነጋድራስ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጃቸውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

"ቅርብ ከሆነማ" አሉ፣ "ነገ ጎህ ሲቀድ ሂድና የቀሩትን ሥዕሎች አስፈልፍለህ አምጣ።"

በቅሎዋ ደጅ ላይ ቆማለች። ስወጣ አየችኝና በረዥሙ ተነፈሰች።