ለስኳር የተሰለፈው ጂን

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሳስተምር፣ የፊዚክስ መምህር የሆነ የሥራ ባልደረባዬ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት ደብተሮች አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ልብ ወለድ ጽፌአለሁ። የአማርኛ አስተማሪ ነሽና እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ።

ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ከሰው ጋር ተመሳስለው ስለሚኖሩ ጂኖች ነው። አንዱ ጂን የቀበሌ መታወቂያ አውጥቶ ስኳር ለመግዛት ይሰለፋል። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለተኛው ደብተር ላይ ግን ጂኖቹ ጦርነት ገጠሙ። ዋናው ጂን አራት ጊዜ ሞቶ አምስት ጊዜ ተነሣ። እኔም እንቅልፌ መጣ።

ባልደረባዬ በየዕረፍቱ «የት ደረስሽ?» ይለኛል። «እየሄድኩ ነው» እለዋለሁ።

አከራዬ ከአልዩ አምባ የመጡ በርበሬ ነጋዴ ሴትዮ ነበሩ። አንድ ቀን ስለ ጂኑ ብነግራቸው በሐሳብ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ መታወቂያ አውጥቶ ከተሰለፈማ ምኑን ጂን ሆነ? ይኼ እንደኛው ምስኪን ነው።»

ጨርሼ ደብተሮቹን መለስኩ።

«እሺ?» አለ።

«የእጅ ጽሑፍህ ያምራል።»

«ሌላስ?»

«ሰልፉ አስቆኛል። ጦርነቱ ግን ረዘመብኝ።»

«ጦርነቱን እኮ ሦስት ወር ነው የጻፍኩት!»

«እኔም ሦስት ወር ያነበብኩት መሰለኝ።»

ሳምንት ሙሉ ሻዩን ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠጣ። እኔም ምላሴን ረገምኩ። በስምንተኛው ቀን ግን የአከራዬን አስተያየት ከየት እንደሰማ እንጃ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሴትዮዋ በእርግጥ ‹ምስኪን› ነው ያሉት?»

ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሩን ይዞ ቤት መጣ። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ለአከራዬ የሰልፉን ምዕራፍ አነበበላቸው። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ሲጨርስም ጠየቁት፦

«ከዚያስ? ስኳሩ ደረሰው?»

ባልደረባዬ ደብተሩን አገላበጠ። ጂኑ ሰልፉን ጥሎ ወደ ጦርነቱ ስለሄደ፣ ስኳሩ ይድረሰው አይድረሰው የትም አልተጻፈም።

«እኔ… እሱን አላሰብኩበትም» አላቸው።

«ታዲያ ምኑን ጻፍክ፣ ልጄ?» አሉት፤ ግን በፍቅር ነው።

ከዚያ ወዲያ ጦርነቱን ቀድዶ ጣለው። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ጂኑን ቤት ሲያከራየው፣ ከጎረቤት ሲያጣላው፣ ስብሰባ ላይ ሲያስቀምጠው ከረመ። መጽሐፉ አልታተመም፤ ያትሙልኛል ብሎም የትም አልወሰደውም። አዲሱን ግን ለእኔ ሰጠኝ። በሁለት ቀን አነበብኩት።

«ከመጀመሪያው ይሻላል» አልኩት።

«በጣም ይሻላል በይ እንጂ!»

«ይሻላል» አልኩት።

ሳቀ። የዚያን ቀን ሻዩን ፊቱን ወደኔ አዙሮ ጠጣ።