ቆንጥጠሽ አሳድጊያት

ብዙ ሴቶች በአንድነት ከንፈራቸውን ሲመጥጡ የሚወጣውን ድምፅ ከሰማሁት ዘመን ሆኖኝ ነበር። ባለፈው ግን እዚህ በሰው አገር፣ ኪሰንዪ በሚባል ሰፈር፣ ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ካለችው ጠባብ አዳራሽ ልጄ ዘይነብ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁትና፣ ይኼ ሁሉ ሽበት ከራሴ ላይ ወርዶ እናቷ ጉያ የተወሸቀች ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

አዳራሿ ልጅ ማሳደግ የከበዳቸው እናቶች በየሳምንቱ እየመጡ የሚመካከሩባት ናት። ናካቶ የምትባል የዚህ አገር ሴት ታስተምራለች፣ ጅማ ያደገችው ሰዓዳ ወደ አማርኛ ትመልስልናለች። ዘይነብን እዚያ ሂጂ ያላት የልጇ አስተማሪ ነው። ባሏ ለሥራ ጁባ ከተሻገረ ወዲህ ቀኑን ኪኩቦ ገበያ ዕቃ ስትሸጥ ትውላለች፣ በታክሲ ግፊያ ተገፍታ ቤቷ ስትደርስ ለልጆቿ የሚሆን መልካም ቃል አይተርፋትም፤ እኔም እግሬ አልታዘዝ ብሎኛልና ብዙ አላግዛትም። ያን ቀን ናካቶ «በእናንተ አገር ልጅ እንዴት ነው የሚያድገው?» ብላ ጠየቀች። እት ከድጃ የምትባል የደሴ ሴት ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «እኛማ ልጅ ስድ አንለቅም፣ ቆንጥጠን ነው የምናሳድግ!» አለች። ሰዓዳ ቃሉን እንዳለ መለሰችው። ናካቶ ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ «ሰውነታቸው ላይ የት?» ብላ ብትጠይቅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አይ ሰዓዳ፣ ልታሳስሪን ነው!»

ሰዓዳ እየሳቀች፣ ቃሉ ሥርዓት ማስያዝ ማለት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ስታስረዳ፣ ዘይነብ መሬት መሬት እያየች «እኔ ግን በእውነት ነው የምቆነጥጣቸው» አለች። ሳቁ ቀጥ አለ፣ ያ የከንፈር ድምፅም መጣ።

የእናቴም ነገር የጀመረው በዚሁ ቃል ነበር። እናቴ ቶልቱ ከከሚሴ በታች ካለው ቆላ ተድራ ወደ አባቴ አገር፣ ወደ ደጋው የመጣች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። አባቴ አሰብ ወደብ ሸክም ይሠራ ስለነበር ወቅት ሲዞር ብቅ ብሎ ይመለስ ነበር፣ እሷም ከአማቷ ጋር ቀርታ አማርኛውን ከትእዛዝ እየለቀመች ተማረችው፤ ነይ፣ ውሰጂ፣ ፍጪ፣ ዝም በይ። እኔ በተወለድኩ ጊዜ አያቴ እመት ዘሃራ አቅፋ መርቃ ስትመልሰኝ «ይቺን ልጅ ቆንጥጠሽ አሳድጊያት» አለቻት። አፉን በአማርኛ የፈታ ሁሉ እንደሚለው ነው የተናገረችው። እናቴ ግን ቃሉን አታውቀውምና ምንጭ ወርዳ ልጆች ጠየቀች፣ ልጆቹም ምን ይላሉ፣ ክንዷን ይዘው ቆንጠጥ አድርገው አሳዩዋት። ይኼንን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት።

ክረምት ሲገባ ቤታችንን ጭጋግ ይውጠው ነበር። ጠዋት ጠዋት እናቴ ፊቴን ታጥበኝ፣ ጸጉሬን ቅቤ ትቀባኝ፣ ከዚያ የክንዴን የውስጥ በኩል፣ ለስለስ ያለውን ፈልጋ ቆንጠጥ ታደርገኝና ቦታውን ትስመው ነበር። ቁጣ አልነበረበትም፣ እንዲያውም አንዳንድ ቀን እኔ ሳላለቅስ እሷ ታለቅስ ነበር። ልጅ ሁሉ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ተቆንጥጦ የሚወጣ ይመስለኝ ስለነበር የጎረቤታችንን ልጅ «አንቺን ዛሬ ቆነጠጡሽ?» ብላት «ምን አጥፍቼ?» አለችኝ፤ ያን ጊዜ የማላውቀው ጥፋት ያለብኝ መሰለኝና ፈራሁ። ይህንን ብቻ ተናግሬ ባልፍ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። ክረምቱ እየረዘመ፣ የጎተራው እህል እየሳሳ፣ ታናሽ ወንድሜ በጀርባዋ ሲነፋረቅ እየዋለ እሷ እንቅልፍ ስታጣ፣ ጣቷ እየከረረ መጣ፣ መሳሙንም ተወችው። የጠዋቱ ቁንጥጫ ቀን ላይም ይደገም ጀመር። ያ በቃል የተጀመረ ነገር በድካም እጅ ወደቀ፤ ልጅ ሆኜ ልዩነቱን ክንዴ እንጂ ልቤ አላወቀውም።

አዝመራው ሲደርስ የአባቴ እህት ራህማ ከደሴ መጣች። ልታጥበኝ ቀሚሴን ብታወልቅ ክንዴን አየችው፣ አሮጌው ሰንበር ቢጫ ሆኖ፣ አዲሱ እላዩ ላይ ጠቁሮ።

«ኧረ ያረቢ! ይቺ ሴትዮ ልጅ ነው የምታሳድግ፣ ጭቃ ነው የምታቦካ?» ብላ ጮኸችና ወደ አያቴ ዞረች። «እማ፣ አንቺስ አጠገቧ ሆነሽ አታይም?»

«ልጅ ይወድቃል ይነሳል፣ መች አውቄ» አለች አያቴ።

«እህሉ ይግባ እንጂ ደሴ ይዣት ነው የምሄድ። ለዚች አላምናትም።»

እናቴ ከዚያ ሁሉ ንግግር የገባት ደሴ የሚለው ብቻ ነበር፣ እሱ ግን በቃት። ከዚያ ቀን ወዲህ የነጠላዋን ጫፍ ከቀሚሴ ጋር ቋጥራ ነበር ሥራ የምትሠራው፤ እህል ስታሰጣ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንደ ጥጃ ተከትያት እዞር ነበር። አክስቴ ሳቅ ባለች ቁጥር እናቴ ቋጠሮውን ትዳስሰው ነበር።

በእኛ አገር ዱበርቲ የሚባሉ ባልቴቶች አሉ፣ ሴት ስትወልድ፣ ስትታመም፣ ኑሮ ሲጠብባት ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉላት። በጋ ገብቶ እህሉ ከተከተተ በኋላ እኛ ቤት መጡ። አክስቴ በመካከላቸው ክንዴን ገልጣ አሳየቻቸው። ትልቋ እመት ዘምዘም ኦሮምኛ ታውቅ ነበርና እናቴን በቋንቋዋ «ልጄ፣ ለምንድን ነው የምትቆነጥጫት?» አለቻት። እናቴ ግን በዚያች በለቀመቻት አማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማት ብላ ይሆናል፣ አያቴን እያየች መለሰች።

«እሳቸው አሳድጊ አሉኝ። ቆንጥጠሽ አሉኝ። አልበቃም እንዴ?»

መጀመሪያ አንዲቱ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። አያቴ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። እመት ዘምዘም ብቻ «ተዉ፣ ከንፈር ልጅ አያሳድግም» አለችና አክስቴን «ራህማ፣ እስከ በልግ ተዪልን። ያን ጊዜ መጥተሽ ክንዷን እዪው፣ ካልሆነ ውሰጃት» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ያለው በጋ ቤታችን ሴት አያጣም ነበር። ልናስተምርሽ ነው ያላት የለም፣ አንዷ ጥጧን፣ አንዷ ስንደዶዋን ይዛ ትመጣና ሥራዋን እየሠራች ትቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ያደረጉላት ማስተኛት ነው። «አብሽሪ፣ ልጆቹ እኛ ዘንድ ናቸው» እያሏት ቀን በቀን ትተኛ ነበር፣ አያቴም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንድንጫወት ትቆጣን ነበር። ከዚያ እመት ዘምዘም «እጅሽ ሲቃጣ ጥጥ ፈልቅቂበት» ብላ አንድ ቅርጫት ጥጥ ደጃፍ አስቀመጠችላት። እኔ ወተት ስደፋ፣ ወንድሜ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲጮህ፣ እናቴ ብድግ ብላ ወጥታ በእነዚያ ጣቶቿ ፍሬውን ከጥጡ ስትለቅም እናያት ነበር፤ የቀኑን ጥፋታችንን ከተፈለቀቀው ጥጥ ብዛት እናውቀው ነበር። አማርኛም አስተማሯት፣ የትእዛዙን ሳይሆን ለልጅ የሚባለውን። «የኔ ዓለም» የሚለው አፏ ላይ እየተገለበጠባት «ዓለም የኔ» ትለኝ ነበር፣ እኔም እንደዚያው ወደድኩት።

በልግ ዘንቦ መሬቱ ሲረጥብ አክስቴ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጠራችኝና ክንዴን ገለጠችው። ያ ሁሉ ሰንበር ጠፍቷል፣ አንዲት ግን ነበረች። ጎርፍ ሲወርድ ጠርዙ ላይ ስጫወት እናቴ ደርሳብኝ፣ ከድንጋጤዋ የተነሳ ጥጡም ትዝ ሳይላት የቆነጠጠችኝ ናት። አክስቴ ጣቷን አሳረፈችባት።

«ይቺስ?»

እናቴ አሁን የምትናገርበት ቋንቋ ነበራት፣ እጇ ግን የነጠላዋን ጫፍ ፈለገ። እኔም ቀሚሷን ጨበጥኩ። ያን ጊዜ አያቴ ከመደቡ ላይ ሆና «እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ጎርፍ ልትገባ ስትል ቆነጠጥኳት። የልጄን ልጅ ብቆነጥጥ ማን ሊጠይቀኝ ነው?»

አያቴ እንኳን ጎርፍ ዳር ልትደርስ፣ ያለ ምርኩዝ ከደጃፍ አታልፍም ነበር። አክስቴ ይህን ታውቃለች። እናቷን አየቻት፣ እናቴን አየቻት፣ ከዚያ ቀሚሴን አልብሳ፣ ያመጣችልኝን ከረሜላ በእጄ ጨብጣልኝ፣ በማግስቱ ብቻዋን ወደ ደሴ ሄደች።

ወደዚህ ልመለስና፣ ያን ቀን ከአዳራሹ ስንወጣ ሴቶቹ ደረጃው ላይ ዘይነብን ከበቧት። «ምን ነካሽ? እዚህ አገር ልጅ ይነጠቃል እኮ!» አሏት። ከዚያ ወዲህ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ራሷ ካልመለሰች አታምንም፣ እንቅልፍም የላትም። በሳምንቱ ናካቶና ሰዓዳ ቤታችን ድረስ መጡ፣ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት መንደራችን አፍ ላይ ጥሏቸው ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው። ዘይነብ ፖሾ፣ የዚህን አገር የበቆሎ ገንፎ፣ እያማሰለች ነበር። ናካቶ እኔ አጠገብ ተቀመጠችና በሰዓዳ አፍ «እማማ፣ እውነት ትቆነጥጣቸዋለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘይነብ ማማሰሏን አቆመች። «እኔ ነኝ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የናካቶ ዓይን የክስ ዓይን አልሆነብኝም፣ ደግሞ ሐቁን ልናገርና፣ ለውሸትም ጉልበት ያስፈልጋል።

«እውነቷን ነው። ደክሟታል። እኔም ደክሞኛል» አልኳት።

ናካቶ ራሷን ነቀነቀች፣ ትንሹን ልጅ አቅፋ ጥቂት አጫወተችው፣ በሳምንቱ እንደምትመለስ ነግራን ሄደች። በልጅነቴ የሚረዱን ሴቶች ከአጥር ማዶ ነበሩ፣ ቤታቸው ሲገቡ እንኳ ሳላቸው ይሰማን ነበር። አሁን የምትረዳን ከከተማው ማዶ ትመጣለች፣ ሰዓቷ ሲደርስም ትሄዳለች፤ አልቀየማትም፣ እሷም ልጆች አሏት። አያቴ ዋሽታ ከእናቴ ጋር አቆየችኝ። እኔ እውነቱን ተናግሬ ለልጄ የበጀሁላት ይሁን ያጠፋሁባት ገና አላወቅሁም። ዘይነብ ግን አልተቆጣችኝም፣ በሩ ሲዘጋ መጥታ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣለች፣ ልጆቹ «እማ፣ አረረ!» ብለው እስኪጮኹም ድረስ አልተነሳችም።